ጠረጴዛ ለማን ነው የምንሰጠው?

ክቡራን እንግዶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እናቶችና አባቶች፤ እንደምን አመሻችሁ።

የተጋበዝኩት «ስቴም ሴል ለልብ ጥገና የት ደረሰ?» በሚለው ላይ እንድናገር ነው። ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ሕዋስ ነው። እናገራለሁ። ግን ሌላም ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ፤ በጤና ቀናችን ላይ ጠረጴዛ ለማን እንደምንሰጥ።

የልብ ደም ሥር ሲዘጋ እስከ ቢሊዮን የሚደርሱ የጡንቻ ሕዋሳት ሊሞቱ ይችላሉ። ቦታቸውን ጠባሳ ይወርሰዋል። ጠባሳ ደግሞ ደም አይገፋም። ልብ ራሱ ይተካቸዋል እንዳንል፣ በ25 ዓመታችን እንኳ በዓመት የሚታደሰው 1 በመቶ ገደማ ነው። በ75 ዓመት ከግማሽ በመቶ በታች ይወርዳል።

ስለዚህ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2001 የተመራማሪው የፒዬሮ አንቨርሳ ቡድን «ከአጥንት መቅኔ የተወሰደ ስቴም ሴል በአይጥ ልብ ውስጥ አዲስ ጡንቻ ሠራ» ሲል ዓለም ቢጨፍር አይፈረድበትም። በ2004 ሁለት ሌሎች ቡድኖች ደግመው ሞከሩት። ጡንቻ የለም። ማን ሰማቸው! ገንዘቡ መፍሰሱን፣ ታካሚው መሰለፉን ቀጠለ። በ2018 ሃርቫርድና ብሪገም ሆስፒታል ከአንቨርሳ ቤተ ሙከራ የወጡ 31 ጽሑፎች የሐሰት መረጃ ስላለባቸው ይሰረዙ አሉ።

ጽሑፍ ቢሰረዝም ወሬው አልተሰረዘም። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው አንድ ጋሼ አሉ። ስማቸውን አልጠራም። ታክሲ ነድተው ልጆች ያስተማሩ፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው ደርሰው ወንበር የሚደረድሩ ሰው ናቸው። ልባቸው ደከመ። አንድ ክሊኒክ «ከሆድዎ ስብ ወስደን፣ ስቴም ሴሉን አጣርተን በደም ሥርዎ እንሰጥዎታለን» አላቸው። ዳኛውን ለምነው እቁባቸውን ቀድመው ወሰዱ። ሲመለሱ «ቀለል ብሎኛል» አሉ። እኛም ደስ አለን። የነቃችው ልጃቸው ናት። ጫማቸው አልገባ ሲል ብታይ እግራቸው አብጧል። ለካ ትርፍ ውሃ የሚያስወጣላቸውን የሽንት ኪኒን አቁመውታል! «ድኛለሁ፣ ምን ያደርግልኛል?» አሏት። ያን ሌሊት ሳንባቸው ውሃ ሞልቶ ድንገተኛ ክፍል አደሩ። ደግነቱ ተረፉ።

ምንድን ነው የሸጡላቸው? በደም ሥር የገባ እንዲህ ያለ ሕዋስ አብዛኛው ሳንባ ላይ ነው የሚቀረው። በቀጥታ ልብ ላይ ቢወጋ እንኳ አብዛኛው በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ያልተረጋገጠ ነገር ለታመመ ሰው በሺህ ዶላሮች መሸጥ ሕክምና አይደለም። ዘረፋ ነው! ይኸው ዓይነት ክሊኒክ ግን ባለፈው የጤና ቀናችን ላይ ጠረጴዛ ተሰጠው። ስፖንሰር ስለሆነ! ያውም ነርሶቻችን የደም ግፊት በነፃ ከሚለኩበት አጠገብ!

ተስፋ የለም አላልኩም። ሲያትል ውስጥ የቻርለስ መሪ ቡድን ከስቴም ሴል ያበቀለውን የልብ ጡንቻ በጦጣ ልብ ላይ አስገብቶ ይዞለታል። ችግሩ፣ አዲሱ ጡንቻ በራሱ ምት ይመታል። በ2023 ሦስት ጂን አጥፍተው፣ አንድ አጠናክረው በአሳማ ልብ ላይ ምቱን አረጋጉት። ጀርመን ጎቲንገን ውስጥ ደግሞ እንደ ልብስ መጣፊያ ልብ ላይ የሚሰፋ ጡንቻ ሠርተዋል። በ2025 ባሳተሙት ሥራ የልብ ንቅለ ተከላ ትጠብቅ የነበረች አንዲት ታካሚም አለች። እነዚህ ሰዎች ታካሚውን «ድነሃል፣ ኪኒንህን ጣል» አይሉትም።

የጤና ቀኑ ኮሚቴ አባላት እዚሁ ተቀምጣችኋል። የሚቀጥለው ዓመት የስፖንሰሮች ዝርዝር ሳይታተም በፊት ሐኪሞቹና ነርሶቹ ይዩት። ይህ ዛሬውኑ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

አመሰግናለሁ።