ሃያ አራት የክብሪት ቀፎዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። የማነሣው ጉዳይ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የምመራውን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ክበብ የሚመለከት ነው።

ወላጆች ስለ ክበቡ ሲሰሙ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ስንት ኮምፒውተር አላችሁ?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከኮምፒውተሮቻችን መካከል የማይነሡት ይበዛሉ፣ መብራቱም ቅዳሜን መርጦ የሚጠፋ ይመስለኛል። ይሁንና ሁሉም ቢሠሩልን እንኳ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያለ ኮምፒውተር ማሳለፍን እመርጣለሁ። ተማሪዎቼ ቻትጂፒቲን ያውቁታል፤ የእንግሊዝኛ ድርሰት ያስጽፉታል፣ የፊዚክስ የቤት ሥራ ያሠሩታል። አጠቃቀሙን ላስተምራችሁ ብላቸው የሚያውቁትን መድገም ይሆንብኛል። የማያውቁት፣ ማሽን «ተማረ» ሲባል በውስጡ ምን እንደተለወጠ ነው።

ይህን ለማሳየት ከሁሉ የበለጠ የረዳኝ፣ ኮምፒውተር እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የተሠራ መሣሪያ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሌችሊ ፓርክ የጠላትን ምስጢራዊ መልእክት ሲፈቱ ከነበሩት አንዱ የሆነውና ከኮምፒውተር ሳይንስ ፈር ቀዳጆች አንዱ ከሆነው ከአላን ቱሪንግ ጋር የተወዳጀው ብሪታኒያዊው ዶናልድ ሚቺ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከ304 የክብሪት ቀፎዎች ኤክስና ኦ የሚጫወት ማሽን ሠራ። እያንዳንዱ ቀፎ አንድ የጨዋታ ሁኔታን ይወክላል፣ በውስጡ ያሉት ባለ ቀለም ዶቃዎች ደግሞ ቀጣዩን እርምጃ ያመለክታሉ። ማሽኑ ሲያሸንፍ በተጠቀመባቸው ቀፎዎች ውስጥ የእነዚያ እርምጃዎች ዶቃ ይጨመራል፤ ሲሸነፍ ይቀነሳል። ያን ሁሉ ቀፎ መሰብሰብ ለእኛ የሚሞከር አልነበረም። ደግነቱ አሜሪካዊው የሒሳብ ጨዋታዎች ጸሐፊ ማርቲን ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1962 ዘጠኝ ቤት ባለው ገበታ ላይ በሦስት በሦስት ወታደር የሚካሄድ ጨዋታ አቅርቦ የቀፎዎቹን ቁጥር ወደ 24 አውርዶታል። ሁለት ደርዘን ባዶ ቀፎ ደግሞ ከየቤቱ ማድቤት ይገኛል።

የእኛ ገበታ ካርቶን ላይ የተሠመረ ነው። ወታደሮቹ የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው፤ የአንደኛው ወገን ቆርኪ ይገለበጣል። በዶቃ ፋንታ በቆሎ፣ ሽምብራ፣ ቦሎቄና አተር እንጠቀማለን። ሽምብራው ጥሬ መሆኑ በጀን እንጂ የተቆላ ቢሆን ኖሮ ማሽናችን ትውስታዋ ተበልቶባት ትቀር ነበር። ሁልጊዜ የሚጀምረው ተማሪው ነው። ሌላ ተማሪ የማሽኗ እጅ ሆኖ፣ በገበታው ላይ የሚታየው ሁኔታ የተሣለበትን ቀፎ ያነሣል፣ ይነቀንቃል፣ ሳያይ አንድ ፍሬ ያወጣል፣ ፍሬው የሚያዘውንም ይፈጽማል። ማሽኗ በተሸነፈች ቁጥር የመጨረሻ እርምጃዋን ያዘዘውን ፍሬ ትቀማለች። መጀመሪያ ላይ አጨዋወቷ ቅጥ ያጣ ነው። ወደ ሽንፈት የሚወስዱት ፍሬዎች አንድ በአንድ እየተለቀሙ ሲሄዱ ግን ማንም የማይረታት ትሆናለች። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ደጋግማ ስታሸንፈው ተናዶ ቀፎዎቹን ሁሉ እየከፈተ ሲበረብር አይቼዋለሁ፤ የተደበቀ ብልሃት ፈልጎ ያገኘው ሽምብራና በቆሎ ብቻ ነበር።

እንደ ቻትጂፒቲ ያሉትን በሚያንቀሳቅሱት ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ውስጥ የፍሬዎቹን ቦታ የያዙት በቢሊዮን የሚገመቱ ቁጥሮች ናቸው፤ ሞዴሉ ቀጣዩን ቃል ሲገምት በሳተ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ስሌቱ ከእኛ ጨዋታ በእጅጉ እንደሚለይ ለተማሪዎቼ አልሸሽግም። ቢሆንም ወደ ስልካቸው ሲመለሱ ጥያቄያቸው ይለወጣል። ቀድሞ «በአማርኛ ስጠይቀው ይዋሻል» ይሉ የነበሩት፣ አሁን በአማርኛ ምን ያህል ተጫውቶ ነው የተማረው ይላሉ። እኔም በአማርኛ ያነበበው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ካነበበው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት መሆኑን እነግራቸዋለሁ። ኮምፒውተሮች ፊደላትን በቁጥር በሚያስቀምጡበት በተለመደው ዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ሲይዝ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት እንደሚይዝ፣ ጽሑፍን የሚቆራርጠው የሞዴሉ ክፍልም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለተቃኘ የአማርኛን ዓረፍተ ነገር ይበልጥ እንደሚሸራርፈው በሰሌዳ ላይ አሳያቸዋለሁ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ኮርስ አለው። ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎቼ እንዲወስዱት እመክራለሁ፤ ሰርተፍኬቱን ከቀፎዎቹ ቢያስቀድሙት ግን ቅር ይለኛል።

ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ የሚበልጠው አንዲት ዝምተኛ ተማሪ የጠየቀችኝ ነው፤ «መምህር፣ በእነሱ ማሽን ውስጥ ፍሬውን የሚቀማው ማን ነው?» አለችኝ። የመለስኩላት በታወቀ ጉዳይ ነው። ታይም መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2023 እንደዘገበው፣ ቻትጂፒቲ ጸያፍና ዘግናኝ ጽሑፍን ከሌላው መለየት እንዲችል እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሲያነቡና ምልክት ሲያደርጉ ከነበሩት መካከል ናይሮቢ የሚገኙ ሠራተኞች ነበሩ፤ ክፍያቸውም በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ነበር። ክፍሉ ለጊዜው ጸጥ አለ፤ ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ። ነውሩን የሚወስነው ማን ነው? የናይሮቢ ሰው ነውር ያለው ለእኛም ነውር ነው? የሚቀማው ሰው ቢደክመውስ? እኔ አልዳኘሁም፤ በዚህ ዕድሜ መልስ ይዞ ከመውጣት ይልቅ ቀሚውን መፈለግ መልመዳቸው ይበቃኛል።

በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ አንድ ሐሳብ አቀረበች። በመጪው ቅዳሜ ፍሬዎቹን ሁሉ ወደየቀፎው መልሰን ደንቡን እንገለብጠዋለን፤ ማሽኗ ባሸነፈች ቁጥር እንቀማታለን። ገሚሱ ክፍል ለመሸነፍ የተጋች ትሆናለች ይላል፣ ገሚሱ ደግሞ እንዲሁ ግራ ይገባታል ባይ ነው። ውጤቱን በሚቀጥለው ዝግጅት እነግራችኋለሁ።