የአቪዬሽን ትምህርት ስትጀምሩ ሞተሩን ለጊዜው እርሱት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! የዛሬው ቪዲዮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአቪዬሽን መግቢያ ኮርስ ለሚጀምሩ ነው። ለተማሪም ነው፣ ለአስተማሪም ነው። ወላጆችም አትሂዱብኝ፣ ልጃችሁ ማታ ቤት መጥቶ የሚያወራችሁ ይሄንኑ ነው።

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንግባባ። ይሄ ኮርስ አብራሪ አያደርጋችሁም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በኢካኦ ደንብ፣ የግል አብራሪ ፈቃድ ለማግኘት ቢያንስ 17 ዓመት መሙላት አለባችሁ። የጤና ምርመራ አለ፣ የበረራ ሰዓት አለ፣ ፈተና አለ። እናንተ የምትማሩት ከዚያ በፊት ያለውን ነው። ግን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እዚህ ጋ ተጣሞ የገባ ሐሳብ በኋላ ለማቃናት በጣም ያስቸግራል።

እና ኮርሱ በምን ይጀመር? ብዙ ሰው በሲሙሌተር፣ በረራን በሚያስመስለው ማሽን፣ ይላል። እኔ አልስማማም። ሲሙሌተር ደስ ይላል፣ ይጠቅማልም፣ ግን ለመጀመሪያው ቀን አይሆንም። ተማሪው ቁጭ ይላል፣ የሞተሩን ጉልበት እስከ ጥግ ይገፋል፣ አውሮፕላኑ ይነሳል፣ በቃ፣ "የሚያበርረው ሞተሩ ነው" የሚል ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ይቀመጣል። አይደለም! አውሮፕላንን አየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው። ልድገመው፣ ክንፉ ነው። ሞተሩ ሥራው ፍጥነት መስጠት ነው።

አሁን እዚህ ጋ ትንሽ ልቁም። ምክንያቱም ይሄንን ባልኩ ቁጥር ኮሜንት ላይ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። "እሺ ክንፉ ነው እንበል፣ ሞተሩ ቀጥ ቢልስ? እንደ ድንጋይ አይደለም እንዴ የሚወርደው?" አይደለም ወዳጆቼ። ድንጋይ ክንፍ የለውም። ይሄ ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚመጣ ዛሬ ከሥሩ እንጨርሰው።

ሳይክል እንውሰድ። ይሄን ምሳሌ በጣም ስለምወደው ታገሡኝ፣ ትንሽ እቆይበታለሁ።

ሜዳ ላይ ሳይክል እየነዳችሁ ነው። ፔዳሉን ትመታላችሁ፣ ሳይክሉ ይሄዳል። ፔዳል መምታት ብታቆሙ ምን ይሆናል? ወዲያው ትወድቃላችሁ? አትወድቁም። ፍጥነቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ነፋሱና የመንገዱ ሰበቃ ይጎትታችኋል፣ እናንተ ደግሞ ምንም አትጨምሩለትም። እሺ፣ አሁን ቁልቁለት ላይ ናችሁ። ፔዳሉን ጭራሽ አትነኩም። ሳይክሉ ይቆማል? እንዲያውም ይበርራል! ማን ነው የሚገፋው? ከፍታችሁ ነው። ዳገቱ ላይ ስትወጡ ላባችሁን ጠብ አድርጋችሁ ያጠራቀማችሁት ከፍታ፣ አሁን ወደ ፍጥነት እየተቀየረ ነው።

አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። ሞተሩ ፔዳሉ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ አብራሪው አፍንጫውን ትንሽ ወደ ታች ያደርግና አየር ላይ የራሱን ቁልቁለት ይሠራል። መንገድ የለም፣ ኮረብታ የለም፣ ግን ቁልቁለት አለ! ከፍታ እየከፈለ ፍጥነት ይገዛል፣ ፍጥነቱ ክንፉን ያሠራዋል፣ ክንፉ ደግሞ አውሮፕላኑን ይይዘዋል። ብዙ ተማሪ የሚማርበት ትንሹ ሴስና 172 ሞተሩ ጠፍቶ 1 ሜትር በወረደ ቁጥር ወደ 9 ሜትር ገደማ ወደ ፊት ይሄዳል። ነፋስ ከሌለ፣ ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ 9 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ትልቁ የመንገደኛ ጄት ደግሞ 1 ሜትር ወርዶ ከ15 ሜትር በላይ ይሄዳል። አዎ፣ ትልቁ ይበልጣል!

ሳይክልን እንዲሁ አላመጣሁትም። ራይት ወንድማማቾችን ታውቋቸዋላችሁ አይደል? ሥራቸው ሳይክል መሥራትና መጠገን ነበር። እና ምን አደረጉ? እ.ኤ.አ. በ1900፣ በ1901 እና በ1902 የሠሯቸው አውሮፕላኖች ሞተር አልነበራቸውም። ከኮረብታ ላይ እየተንሸራተቱ ሚዛን መጠበቅን፣ መዞርን፣ አፍንጫ ማንሳትና ማውረድን ተማሩ። ሞተር የገጠሙት ከዚያ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 17 ቀን 1903 እ.ኤ.አ. የተደረገችው የመጀመሪያዋ የሞተር አውሮፕላን በረራ 12 ሰከንድ ቆየች፣ 37 ሜትር ገደማ ሄደች። መጀመሪያ ክንፍ፣ ቀጥሎ ሞተር። የኮርሱም ቅደም ተከተል ይሄ ይሁን ነው የምለው።

ግን ሳይክሉ አንድ ቦታ ላይ አያዋጣም። ሳይክል ፍጥነቱ ሲያልቅ እግራችሁን መሬት ታደርጋላችሁ። አየር ላይ እግር የሚደረግበት የለም። ሞተሩ ጠፍቶ አብራሪው "አልወርድም" ብሎ አፍንጫውን ወደ ላይ ቢጎትት፣ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ክንፉ አየሩን የሚመታበት ማዕዘን ይሰፋል። ማዕዘኑ በብዙ ትንንሽ አውሮፕላኖች 15 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቃል፣ ክንፉም መያዙን ይተዋል። ስቶል የሚሉት ይሄ ነው። ልብ በሉ፣ ሞተሩ በሙሉ ጉልበት እየሠራም ስቶል አለ። መፍትሔው ደግሞ ከደመ ነፍስ ጋር ይጣላል፤ እየወረዳችሁ አፍንጫውን ወደ ታች ትገፋላችሁ። ለዚህ ነው በክፍል ውስጥ ቀድማችሁ መረዳት ያለባችሁ። እጅ የሚታዘዘው ጭንቅላት ቀድሞ ያመነውን ነው።

የቀረውን ቶሎ ልበል፣ ፊዚክስ ላይ አይታችሁታል። አራት ኃይሎች፦ ክብደት ወደ ታች፣ የክንፉ ማንሳት ወደ ላይ፣ የሞተሩ ግፊት ወደ ፊት፣ የአየሩ ጉተታ ወደ ኋላ። በቀጥታና በእኩል ፍጥነት ስትበሩ ሁለት ሁለቱ ይመጣጠናሉ። ሦስት እንቅስቃሴዎች፦ አፍንጫ ላይና ታች በኤሌቬተር (ጅራቱ ላይ ያለው አግድም ተንቀሳቃሽ ክፍል)፣ ክንፍ ግራና ቀኝ ማዘንበል በኤለሮን (ክንፎቹ ጫፍ አካባቢ ያሉት)፣ አፍንጫ ግራና ቀኝ ማዞር በራደር (ጅራቱ ላይ የቆመው)። ክንፉ አየሩን ወደ ታች ያጎነብሰዋል፣ አየሩም መልሶ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ። ከክንፉ በላይ ያለው የአየር ግፊት ከታቹ ያንሳል፣ ይሄም ያው ነገር ከሌላ ጎን ሲታይ ነው። "የላይኛው አየር መንገዱ ስለሚረዝም ከታችኛው ጋር እኩል ለመድረስ ይሮጣል" የሚል ማብራሪያ ካጋጠማችሁ ተዉት፣ ስሕተት ነው። የላይኛው አየር ቀድሞ ነው የሚደርሰው፣ እኩል የመድረስ ግዴታ የለበትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ተማሪ የሚንቀው ነገር አለ፤ የመለኪያ አሃድ። አቪዬሽን ውስጥ ከፍታ በጫማ፣ ፍጥነት በኖት (በሰዓት አንድ ኖቲካል ማይል)፣ ርቀት በኖቲካል ማይል ነው፤ አንዱ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር። ነዳጅ ደግሞ አንዴ በሊትር፣ አንዴ በኪሎ፣ አንዴ በፓውንድ ይነገራል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

ሐምሌ 23 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. አንድ የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 በ41 ሺህ ጫማ ላይ እየበረረ ነዳጁ አለቀ። ሁለቱም ሞተር ጠፋ። ለምን? የነዳጅ መለኪያው ስለማይሠራ ሰዎቹ በእጅ አሰሉ። ሊትሩን ወደ ኪሎ ለመቀየር በ0.8 ገደማ ማባዛት ሲገባ በ1.77 አባዙ። 1.77 የፓውንድ ነው! 22,300 ኪሎ ጭነናል ብለው 22,300 ፓውንድ ይዘው ተነሱ፣ ከግማሽ በታች ማለት ነው። እና እንደ ድንጋይ ወደቀ? አልወደቀም። ካፒቴኑ በትርፍ ጊዜው ሞተር አልባ ግላይደር የሚያበርር ሰው ነበር። ያን ሁሉ ቁልቁለት ይዞ እየተንሸራተተ ጊምሊ የሚባል የቀድሞ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ አሳረፈው። 69 ሰው ነበረበት፣ አንድም አልሞተም።

ስለዚህ የፊዚክስ መምህራችሁ መልሱ አጠገብ አሃድ ስላልጻፋችሁ ማርክ ሲቀንስባችሁ አትጣሉት።

እሺ፣ ለመጀመሪያው ሳምንት የቤት ሥራ። ወረቀት፣ የወረቀት ክሊፕ፣ ሜትር። ሌላ ምንም አያስፈልግም። የወረቀት አውሮፕላን እጠፉ። ነፋስ የሌለበት ቦታ ከትከሻችሁ ከፍታ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ አትወርውሩት፣ ጉልበታችሁን አይደለም የምንለካው። የሄደበትን ርቀት ለትከሻችሁ ከፍታ አካፍሉ። የራሳችሁ አውሮፕላን የመንሸራተት ምጣኔ ያ ነው፣ የሴስናዋ ዘጠኝ ለአንድ እንደሆነው። ከዚያ ክሊፑን አፍንጫው ላይ አድርጉና ልቀቁት። ቀጥሎ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ወደ ኋላ አንቀሳቅሱት። የሆነ ቦታ ላይ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፣ ቀጥ ይላል፣ ቁልቁል ይደፋል። በዓይናችሁ ያያችሁት ስቶል ነው። ጭነት ያለቦታው ሲቀመጥ ምን እንደሚያመጣም ያኔውኑ ገባችሁ።

አስተማሪዎች፣ እባካችሁ ይሄን በአንድ ክፍለ ጊዜ አታሩጡት። ሳምንቱን ሙሉ ስጡት። ጥገና የሚወደው ልጅ አጣጠፉን ያስተካክላል፣ ሒሳብ የሚወደው ሰንጠረዥ ይሠራል፣ ቴክኒሽያኑም የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪውም ከዚሁ ክፍል ነው የሚወጣው፣ አብራሪው ብቻ አይደለም።

ያገኛችሁትን ቁጥር ክሊፑ ከነበረበት ቦታ ጋር ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነባቸዋለሁ። የሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ጎን ነፋስና ስለ ቬክተር ነው፣ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኩ። ከስድስት ለአንድ በላይ ያገኘ ካለ ደግሞ አጣጠፉን በፎቶ ይላክልኝ፣ በዚያው ቪዲዮ ላይ አሳየዋለሁ።