አንባቢው የቆመበት ቦታ
(በጎንደር ከተማ በጽሑፍ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ሠልጣኞች፣ ክቡራንና ክቡራት እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ።

በዚህ አዳራሽ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የቀበሌ ሠራተኞችና ገና ሥራ በመፈለግ ላይ ያላችሁ ወጣቶች ተሰብስባችኋል። ሁላችሁንም የሚያገናኛችሁ የምታውቁትን ነገር ለማታውቁት ሰው በጽሑፍ ማድረስ የሚጠበቅባችሁ መሆኑ ነው። በሥልጠናው ማስታወቂያ፣ ማመልከቻ፣ ዜና፣ የሬዲዮ ጽሑፍና ወግ ትለማመዳላችሁ። እኔ ግን ዛሬ እነዚህ ዓይነቶች መልካቸውን ከየት እንዳገኙ መናገር እፈልጋለሁ። በእኔ እምነት መልካቸውን ያገኙት ከተቀባዩ ነው፤ ሰውየው ቆሞ ነው ወይስ ተቀምጦ፣ ያነባል ወይስ ይሰማል፣ ጊዜ አለው ወይስ ቸኩሏል የሚለው ጥያቄ የጽሑፉን ቅርጽ ይወስነዋል።

ከዓመታት በፊት አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በተሰጋበት አንድ ክረምት በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ እንድጽፍ ተጠይቄ ነበር። የጻፍኩት «በውኃ ወለድ በሽታዎች ምክንያት የሚደርሰውን የጤና ጉዳት ለመቀነስ ኅብረተሰቡ የመጠጥ ውኃን አክሞ የመጠቀም ልምዱን እንዲያዳብር» እያለ የሚቀጥል ነበር። የሰዋስው ስህተት አልነበረበትም። ልጅ ያዘለች አንዲት እናት መስመሩን በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበችና ወደ እኔ ዞራ፣ «ታዲያ እኔን ምን አድርጊ ነው የሚለኝ?» አለችኝ። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ያን ዕለት ማታ እንዲህ ብዬ እንደገና ጻፍኩት፦ «ውኃ አፍልተው ይጠጡ። ተንተክትኮ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ እሳት ላይ ይቆይ። እንደተከደነ ይቀዝቅዝ። ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ያስቀምጡት።»

3 ደቂቃ ያልኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ ነው፤ ስለዚህ ለቆላ አገር 1 ደቂቃ የሚበቃው እዚህ ረዘም ማለት ይኖርበታል። ይህ ማብራሪያ ለጋዜጣ ጽሑፍ ጥሩ አንቀጽ ይወጣዋል። ግድግዳው ላይ ግን ቦታ የለውም፤ ልጅ አዝላ ተራ ለምትጠብቅ እናት የሚያስፈልጋት ቁጥሩ ነው።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር። አዋጅ ሲነገር በቅድሚያ ነጋሪት ይጎሰማል፤ ቀጥሎም «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል፤ ምክንያቱም የገበያ ሰው የሚሰማው እህሉን እየሰፈረና ከብቱን እየያዘ ስለሆነ መጀመሪያ ጆሮው መያዝ አለበት። በቤተ መንግሥት በግእዝ ይጻፍ የነበረው ዜና መዋዕል ደግሞ ተቀምጦ ለሚያነብ ሊቅ የታሰበ በመሆኑ ዘመቻውንና ሹመቱን ረጋ ብሎ ይዘረዝር ነበር። ከተማው አንድ፣ ንጉሡም አንድ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ሁለት ዓይነት ነበር።

ስለ ማመልከቻ ብዙ አልልም፤ የምትጠይቁት ነገር በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይገኝ። የሬዲዮ ጽሑፍ ግን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግሥ፣ ወደ መጨረሻ የሚያኖር ቋንቋ ነው። በመካከሉ አራት ሐሳብ ከጨመራችሁበት አድማጩ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይቆያል። አንባቢ ነገሩ ቢጠፋበት ወደ ኋላ ተመልሶ ያያል፤ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ እየነዳ የሚያዳምጥ የባጃጅ ሾፌር ግን መመለሻ የለውም። ለእሱ ስትጽፉ ቶሎ ቶሎ እሰሩለት።

ይህ ሁሉ እንዴት ይለመዳል ለሚለው ጥያቄ የቅኔ ቤታችን አሠራር መልስ አለው። ተማሪው የሚጀምረው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ባላት አጭር ቅኔ በጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ ወደ ረጅሙ ቅኔ ወደ መወድስ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም እየሰማ ያርመዋል። እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይህንን ነገራውን ነው። ጽሑፍ በሌላ ሰው ጆሮ ሳይፈተን ወደ ሕዝብ መውጣት የለበትም።

በየወንበራችሁ ላይ ባዶ ወረቀት ታገኛላችሁ። ከሻይ ዕረፍት በፊት ከሥራችሁ ጋር የተያያዘ አንድ የግድግዳ ማስታወቂያ ከአራት ዓረፍተ ነገር ሳታስበልጡ ጻፉበት። ከዚያም በሙያ ከማይመስላችሁ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ አንብቡለት፤ ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀም በራሱ ቃል ይንገራችሁ። የነገራችሁ ነገር ካሰባችሁት የተለየ ከሆነ ወረቀቱን ገልብጡና በጀርባው እንደገና ጻፉ።

አመሰግናለሁ።