ነዳጁን ረገጥኩት፣ መኪናው እምቢ አለ

ናሆም፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ተናድጃለሁ።

ሳምሪ፦ እኔማ ማይኩ ሳይከፈት ጀምሮ ስሰማው ነው የቆየሁት። ለአድማጮቻችን ከመጀመሪያው ንገራቸው።

ናሆም፦ የመኪና መወዳደሪያ ትራክ ላይ ነበርኩ። በሁለተኛ ማርሽ የምትታለፍ ጠባብ ኩርባ አለች፣ ከእሷ ቀጥሎ ረጅም ቀጥታ። ኩርባዋን እየወጣሁ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጥኩት። ሞተሩ ጮኸ፣ ከዚያ ዝም። ሰው ከኋላ ጎትቶ የያዘው ነው የሚመስለው። ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ የምትንሸራተት መኪና ስዕል ያለባት ቢጫ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። እግሬ አሁንም ወለሉ ላይ ነው! በጉልበት ከእኔ ጋር የማይወዳደር መኪና አልፎኝ ሄደ።

ሳምሪ፦ እጅህስ?

ናሆም፦ እጄ ምን ሆነ?

ሳምሪ፦ ነዳጁን ስትረግጥ መሪው ቀንቶ ነበር ወይስ ገና እንደታጠፈ ነው?

ናሆም፦ ትንሽ... ታጥፎ ነበር መሰለኝ። እሱ ደግሞ ምን አገናኘው?

ሳምሪ፦ እንደርስበታለን። መጀመሪያ ማን እንደያዘህ እንወቅ። ትራክሽን ኮንትሮል ይባላል፣ ጎማ በባዶ እንዳይዞር የሚቆጣጠር ፕሮግራም ነው። አራቱም ጎማዎች ጋ ፍጥነት የሚለካ ሴንሰር አለ፣ ፍሬን ስትይዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የሚጠቀምበት ያው ሴንሰር። ያንተን መኪና የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ናቸው። እነሱ ከፊተኞቹ ፈጥነው መዞር ሲጀምሩ ኮምፒውተሩ ጎማው በባዶ እየዞረ ነው ብሎ ይደመድማል። ከዚያ ሞተሩን ያደክመዋል። የአየር ማስገቢያውን በር ይዘጋል፣ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል፣ ሲብስ ነዳጅ ይቆርጣል። ድሮ እግርህና ሞተሩ በገመድ የተያያዙ ነበሩ። ዛሬ እግርህ የሚያስገባው ማመልከቻ ነው።

ናሆም፦ ማመልከቻዬ ውድቅ ሆነ በይኛ።

ሳምሪ፦ ውድቅ ሆኖ ቀጠሮም ተሰጠህ! ሰው የሚያማርረው በመቁረጡ ነው። እኔን የበለጠ የሚያናድደኝ ግን የሚመልስበት መንገድ ነው። ለመንገድ የተሰራ ፕሮግራም ጉልበቱን ቀስ እያለ ነው የሚመልሰው፣ ጎማው ድጋሚ እንዳይስት ስለሚሰጋ። አንተ መሪህን አቅንተሃል፣ እሱ ገና እየተጠራጠረ ነው። ኩርባ መውጫ ላይ ያጣሃት ፍጥነት ደግሞ እስከ ቀጥታው መጨረሻ ትከተልሃለች።

ናሆም፦ ታዲያ ለምን እንዲህ አድርገው ሰሩት?

ሳምሪ፦ ለአንተ ስላልተሰራ። ዝናብ ላይ ቤተሰቡን ጭኖ ለሚሄድ ሰው ነው የተሰራው። ቦሽና መርሴዲስ በ1995 መረጋጊያውን፣ ማለትም ከትራክሽን ኮንትሮል ጋር አብሮ መኪናውን በመስመሩ የሚይዘውን ፕሮግራም ሲያወጡ፣ ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምናገረው፣ ሀሳባቸው መኪና መንገድ ስቶ እንዳይገለበጥ ነበር። ብዙ ሕይወት ስላተረፈ ነው በኋላ በሕግ የተጫነው። አውሮፓ ውስጥ ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ያለ እሱ አዲስ መኪና አይሸጥም።

ናሆም፦ እሺ ለመንገድ ይሁን። ትራክ ላይ ግን ጠላት ነው።

ሳምሪ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ፎርሙላ ዋን ትራክሽን ኮንትሮልን ለምን ከለከለው? በ1994 ከለከሉት፣ በ2001 መልሰው ፈቀዱት፣ ከ2008 ጀምሮ እንደገና አወጡት። የሚያዘገይ ነገር ቢሆን ኖሮ ማንም ለመከልከል አይደክምም ነበር። ሥራውን ከሹፌሩ እግር ስለወሰደ ነው የከለከሉት። ጂቲ3 የሚባሉት የውድድር መኪኖች እስከ ዛሬ አላቸው። መሪው ላይ ቁልፍ አለ፣ ሹፌሩ ጎማው እያለቀ ሲሄድ እየጨመረ፣ እየቀነሰ ይነዳል። የሞተር ሳይክሉ ውድድር ሞቶጂፒ ውስጥም አለ።

ናሆም፦ ቆይ፣ የእነሱ ለምን አያንቃቸውም?

ሳምሪ፦ የተስተካከለው ለሌላ ዓላማ ነዋ። ጎማ ከሁሉ የሚይዘው ጥቂት ሲንሸራተት ነው። ጭራሽ ካልተንሸራተተ ያለውን አቅም አልጨረስክም፣ ብዙ ከተንሸራተተ ደግሞ ጭስ ብቻ ነው። የውድድሩ ፕሮግራም እዚያች ጥቂት ቦታ ላይ ሊያቆይህ ይሞክራል። የመንገዱ ፕሮግራም ከቦታዋ ራቅ ብሎ ያቆምሃል፣ በተለይ መሪህ ከታጠፈ።

ናሆም፦ አሃ፣ መሪው መጣ።

ሳምሪ፦ መሪው ላይም ሴንሰር አለ። መኪናው በራሱ ዙሪያ ምን ያህል እየዞረ እንደሆነ የሚለካም አለ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያስተያያል፦ ሰውዬው በመሪው ወዴት እሄዳለሁ እያለ ነው፣ መኪናው ወዴት እየሄደ ነው? ሁለቱ ካልተስማሙ ጣልቃ ይገባል። መሪህ ታጥፎ ነዳጅ ስትረግጥ ጎማውን ሁለት ሥራ በአንዴ እያዘዝከው ነው። መታጠፍም መግፋትም። አቅሙ ግን አንድ ነው፣ ለአንዱ የሰጠኸው ከሌላው ይቀነሳል። ከመሪህ እስከ ነዳጅ መስጫህ ክር የተዘረጋ አድርገህ አስበው። መሪው ሲቃና እግርህ ይወርዳል፣ መሪው ሲታጠፍ ክሩ እግርህን ወደ ላይ ይስበዋል።

ናሆም፦ ስለዚህ ጥፋቱ የእኔ ነው?

ሳምሪ፦ ግማሹ። የሱም ጥፋት አለ። ለምሳሌ የኩርባዋን ከፍ ያለ ጠርዝ ትረግጣለህ?

ናሆም፦ እረግጣለሁ እንጂ፣ ትራክ ነው!

ሳምሪ፦ የውስጥ ጎማህ ጠርዙ ላይ ዘሎ አየር ላይ ይቆያል። የሚይዘው መሬት የለም፣ ስለዚህ ይፈተለካል። ኮምፒውተሩ መሬቱን አያይም፣ ያየው የሚፈተለክ ጎማ ብቻ ነው። ይቆርጥሃል። ያኔ እውነትም አናቂ ነው። ሌላም አለ፦ ዲፈረንሻልህ፣ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው ክፍል፣ ተራ ከሆነ ኮምፒውተሩ የሚፈተለከውን አንድ ጎማ በፍሬን ይይዘዋል፣ ጉልበቱ ወደ ሌላው እንዲሄድ። ለአንድ ኩርባ ጎበዝ መላ ነው። ሀያ ዙር ስትነዳ ግን አንተ ነዳጅ እየረገጥክ እሱ ከኋላ ፍሬን እያቃጠለ ነው።

ናሆም፦ ቆይ ቆይ ቆይ። የኋላ ፍሬን ሸራዬ ከፊተኛው ቀድሞ አለቀ።

ሳምሪ፦ ሃሃ!

ናሆም፦ የሸጠልኝን ሰውዬ አስመስለህ ነው የሰጠኸኝ ብዬው ተጣልተናል እኮ!

ሳምሪ፦ ደውልና ይቅርታ በለው። ከትራክ ስትመለስ የኋላ ጎማህ አካባቢ የፍሬን ሽታ ከሸተተህ ፍንጩ እሱ ነው።

ናሆም፦ የትራክሽን ኮንትሮሉን ቁልፍ ተጭኜ አጥፍቼው ነበር ግን። ኧረ እውነቴን ነው። «ጠፍቷል» ይላል።

ሳምሪ፦ አንዴ ነው የተጫንከው ወይስ ይዘህ ቆየህ?

ናሆም፦ አንዴ።

ሳምሪ፦ ብዙ መኪኖች ላይ አንዴ ስትጫን የሚላላው ሞተሩን የሚያደክመው ክፍል ነው። መረጋጊያው ከኋላ ሆኖ ይጠብቅሃል። ለተወሰኑ ሰከንዶች ይዘህ ስትቆይ ነው ሌላውም የሚለቅህ። ያኔም ጠንከር ያለ ፍሬን ስትይዝ መረጋጊያው ተመልሶ የሚገባባቸው መኪኖች አሉ። የራስህን መመሪያ መጽሐፍ አንብብ፣ ሰው የነገረህን አትመን።

ናሆም፦ አንድ ልጅ ፊውዙን ንቀለው ብሎኛል።

ሳምሪ፦ ተው! ፊውዙ ብዙ ጊዜ ከኤቢኤስ ጋር አንድ ነው። አብሮ ይጠፋል። የፊትና የኋላ ፍሬንን የሚያመጣጥነውም እዚያው ውስጥ ነው። ኩርባ መውጫ ላይ ትንሽ ጉልበት አገኝ ብለህ በትልቁ ፍሬን ቦታ ላይ ኋላህ ፊትህን ሲቀድም ልታይ ነው። ይሄን ምክር የሚሰጥ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ይንዳ።

ናሆም፦ እሺ በቃ፣ አልነካውም። ምን ላድርግ ታዲያ?

ሳምሪ፦ መኪናህ መካከለኛ ምርጫ ካለው እሱን ውሰድ። ኮርቬት አምስት ደረጃ አለው፣ የመርሴዲሱ ኤኤምጂ ጂቲ አር ላይ ዘጠኝ ደረጃ ያላት ቢጫ ቁልፍ አለች። የብዙዎቻችን መኪና «ስፖርት» የምትል አንዷን ነው ያለው፣ እሷም ትበቃለች። ጠቅልለህ የምታጠፋው መብራቷ ለብዙ ዙር ብልጭ ሳትል ስትቀር ነው። ያኔ ደግሞ ማጥፋቱ ራሱ ብዙም አይጨምርልህም። ዝናብ ከመጣ መልሰህ አብራው፣ ወንድነት እዚያ ውስጥ የለም።

ናሆም፦ መብራቷ ሳትበራ ጉልበት ቢጠፋስ?

ሳምሪ፦ ጥሩ ጥያቄ። ያኔ ሌላ ጉዳይ ነው። ፍሬንና ነዳጅ አብረህ ከረገጥክ ኮምፒውተሩ ፍሬንን አምኖ ሞተሩን የሚያወርድባቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። በግራ እግራቸው ፍሬን የሚይዙ ሰዎች እዚህ ላይ ይደናበራሉ። ወይ ሞተሩ ግሏል። ወይ ታንከሩ ጎደሎ ሆኖ ነዳጁ ኩርባ ላይ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷል። በመገመት ጊዜህን አታጥፋ፣ የመኪናውን ዳታ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ሰካ። ሁለት መስመር ብቻ እይ፦ እግርህ ምን ያህል ረገጠ፣ የአየር በሩ ምን ያህል ተከፈተ። እግርህ መቶ ብሎ በሩ አርባ ካለ፣ ማመልከቻህ የት ቦታ እንደወደቀ ታውቃለህ።

ናሆም፦ ይሄን ለሚቀጥለው ዙር እሞክራለሁ። መሪ ቀድሞ፣ ነዳጅ ቀጥሎ።

ሳምሪ፦ ሳልረሳው ደግሞ፣ ጎማዎችህ የፋብሪካው ልክ ናቸው አይደል? ኮምፒውተሩ የሚያወዳድረው ዙራቸውን ነው። ትንሽ ልዩነት ይታገሳል። የኋላው ቁመት በጣም ካነሰ ግን ቀጥታ ስትሄድም ፈጥኖ ስለሚዞር ሁልጊዜ የሚንሸራተት ይመስለዋል።

ናሆም፦ ...

ሳምሪ፦ ናሆም?

ናሆም፦ የኋላዎቹን ባለፈው ወር ነው የቀየርኳቸው። አጠር ያሉ ናቸው። ቆንጆ ናቸው ግን።

ሳምሪ፦ በስንት አጠሩ?

ናሆም፦ ማይኩን አጥፊው።