ሌዘሯ ለምን ትደክማለች?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ከድሬ ነው የማወራችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ፣ ሰሞኑን ጭንቅላቴን ስለያዘው ነገር ነው የማወራው፣ ስለ ሌዘር። ያቺ እስክሪብቶ የምታክለው አረንጓዴዋ፣ ስትበራ አይን የምትሞላ፣ ትንሽ ስትቆይ ግን ድክም ድክም እያለች የምትሄደዋ።

እኔ የምጠቀምባት ለኮከብ ነው። መብራት ሲጠፋ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ከሰፈር ልጆች ጋር ወደ ሰማይ እናያለን። ሰኔ ላይ በደቡብ በኩል ስኮርፒዮ አለ፣ ቀይዋን አንታሬስን አሳይቼ ጅራቱን እየተከተልኩ ስወርድ መሃል ላይ ጨረሯ ትሳሳለች፣ "ጋሼ የቱ ጋ ነው? አልታየኝም እኮ" ይለኛል አንዱ። እና ልጁ በዚያች ቅጽበት ነው ፍላጎቱ ያለው፣ ካለፈች አለፈች፣ ለዛ ነው ነገሩን አክርሬ የያዝኩት።

ሰው ሁሉ የሚለው "የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ነው" ነው። እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዳችሁ ብትጠይቁም መጀመሪያ የሚሰጧችሁ አዲስ ድንጋይ ነው። ሊሆን ይችላል አቦ፣ ቀዩ ሌዘር የሚስበው ከረንት ትንሽ ነው፣ አረንጓዴው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ አምፔር ይስባል፣ ርካሹ ድንጋይ ይሄንን ሲጠየቅ ቮልቴጁ ቁልቁል ይወርዳል፣ ስታሳርፉት ደግሞ ያንሰራራል። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ "አሳርፌያት በራች፣ ስለዚህ ግላ ነበር" ይላል፣ ወይ ደግሞ በተቃራኒው ድንጋዩ ነው ይላል፣ ግን እረፍት ሁለቱንም ያድናል፣ ድንጋዩም ያገግማል ሌዘሩም ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ በማሳረፍ ብቻ ምንም አትለዩም።

የሚለየው ይሄ ነው፦ ልክ ስትደክም፣ ሳትቀዘቅዝ፣ ቶሎ ብላችሁ አዲስ አልካላይን ድንጋይ ክተቱባት። ወዲያው ቦግ ካለች ጥፋቱ የድንጋዩ ነው። አዲስ ድንጋይ ይዛም እንደደከመች ከቀረች፣ አካሏንም ስትነኩት ከሞቀ፣ ሙቀት ነው። በቃ።

ሙቀት ለምን እንዲህ ያደርጋታል? የአብዛኞቹ የእነዚህ እስክሪብቶዎች አረንጓዴ ብርሃን በቀጥታ የሚወጣ አይደለም። ውስጧ ያለው ዳዮድ፣ ብርሃን የሚያመነጨው ትንሹ ዕቃ ማለት ነው፣ የሚያወጣው የሞገድ ርዝመቱ 808 ናኖሜትር የሆነ፣ ለአይን የማይታይ ብርሃን ነው፣ እሱ አንድ ትንሽዬ ክሪስታል ይመታና 1064 ይሆናል፣ ሌላ ክሪስታል ደግሞ የሞገድ ርዝመቱን በግማሽ ያሳጥረውና 532 ይወጣል፣ አረንጓዴዋ እሷ ናት። አሁን ዳዮዱ ሲሞቅ ያ 808 በየዲግሪው በ0.3 ናኖሜትር ገደማ ይንሸራተታል፣ የመጀመሪያዋ ክሪስታል ደግሞ የምትቀበለው ጠባብ ክልል ብቻ ነው፣ 808 አካባቢ ካልሆነ ብዙውን ታሳልፈዋለች። 10 ዲግሪ ስትሞቅ 3 ናኖሜትር ሄደ ማለት ነው። በጣም ሲቀዘቅዝም እንደዛው ትደክማለች፣ ግን ድሬ ላይ ብርድ ማን ያስቸግረዋል።

እኛ ጋ ቀን ከ35 ዲግሪ ማለፍ ብርቅ አይደለም፣ ማታም ግድግዳው ራሱ ሙቀት ይተፋል፣ እና ሌዘሯ ገና ሳትበራ ሞቃ ነው የምትጀምረው። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትገቡ ያቺው ሌዘር በዛው ድንጋይ ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያለች፣ እኔ ይሄን ያየሁት በራሴ ነው፣ ሌላ ምንም አልቀየርኩም፣ አየሩ ነው የቀዘቀዘው።

ስለዚህ ተጭኖ መያዝ የለም። እኔ ኮከቡ ላይ አሳርፌያት ልጆቹ "አየን" ሲሉ አጠፋታለሁ፣ ወሬው በጨለማ ይቀጥላል፣ ቀጥሎ ስፈልጋት ቀዝቅዛ ትጠብቀኛለች። ቀን ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ አትተዋት፣ መኪና ውስጥም። ስትገዙ ደግሞ የብረት አካል ያላትን ምረጡ፣ ፕላስቲኳ ሙቀቷን የምታስወጣበት የላትም።

ከኋላ ያለውን ሞላ እዩልኝ ደግሞ፣ ላብና አቧራ ሲቀላቀል ጥቁር ነገር ይሠራል፣ በላጲስ ፈተግ፣ በአልኮል የነካካ ጥጥ ጠረግ፣ አንዳንዴ መፍትሄው እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን በጣም እለምናችኋለሁ። ውስጧ ትንሽ ቪስ አለች፣ እሷን አዙሮ ከረንት ጨምሮ "አድሼልሃለሁ" የሚል ሰው አለ፣ እሺ አትበሉት። ዳዮዱን ያቃጥለዋል፣ ከዛ በላይ ደግሞ ያ የማይታየው 808ና 1064 ርካሾቹ ላይ ማጣሪያ ሳይኖረው ሊወጣ ይችላል፣ አይን ስለማያየው አይጨፈንም፣ ሬቲናን ይጎዳል። ሰርታለች ወይ ብሎ ወደ ውስጥ ማየትማ በፍጹም፣ ግድግዳ ላይ ነው የሚታየው። ልጅም ብቻውን አይያዛት።

ሰሜን ኮከብን ስታሳዩ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ እኛ ጋ ከአድማስ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍታው፣ ጨረሯ ዝቅ ብላ ትሄዳለች፣ እዛ መስመር ላይ የሰው መስኮት ሊኖር ይችላል፣ ኤርፖርታችን ላይ የሚያርፍ አውሮፕላንም ሊኖር ይችላል። የአውሮፕላን መብራት ካያችሁ ወዲያው አጥፏት።

ቀዝቅዛም፣ አዲስ ድንጋይ ይዛም፣ ሞላዋ ጸድቶም ደካማ ከሆነች ዳዮዱ አርጅቷል ወይ ክሪስታሎቹ ከቦታቸው ተንቀሳቅሰዋል፣ ወድቃ ከነበረ በተለይ፣ እሱን ቤት ውስጥ አትጠግኑትም፣ ሌላ ግዙ። የናንተዋ ሌላ ዓይነት ፀባይ ካላት በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ ስትደክም ስትነኳት ሞቃ እንደነበር መናገር እንዳትረሱ። ቻው።