ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፦ የተራራ መንገድ ለሚያስፈራችሁ አድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ከቤተሰብ ጋር በተራራ መንገድ ስለመጓዝ የሚያስጨንቃችሁን ላኩልን ብለን ነበር፣ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። መንዳት የሚፈሩ ሰዎችን የሚያሰለጥኑት እንግዳችን የመለሱትን እንደወረደ አቅርበነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከተማ ውስጥ ስነዳ ምንም አልልም፣ ተራራ ላይ ወጥቼ ገደሉ ሲታየኝ ግን እጄ ያልበዋል፣ ልቤ ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠዋል። ራሴን ስቼ ይዣቸው ገደል የምገባ ነው የሚመስለኝ።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ስንት ሰው እንደሚጠይቀኝ ብታውቂ ግማሹ ጭንቀት አሁኑኑ ይለቅሽ ነበር። ጣትሽ የሚደነዝዘው ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍሺ ነው፣ ሰው ሲፈራ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ካርቦንዳይኦክሳይዱን ከልክ በላይ ያስወጣዋል፣ ከዛ ጣት መደንዘዝ፣ ከንፈር መንዘር፣ ጭንቅላት ቅልል ማለት ይመጣል። ያስጠላል ግን አይገድልም። ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ራሴን እስታለሁ ላልሽው ደግሞ፣ ሰው ራሱን የሚስተው ብዙ ጊዜ የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው፣ በድንጋጤ ሰዓት ግን ግፊት ወደ ላይ ነው የሚለው፣ ስለዚህ የፈራሽው ነገር የመሆን እድሉ ትንሽ ነው። ከዚህ በፊት በእውነት ራስሽን ስተሽ የምታውቂ ከሆነ ግን መሪ ሳትይዢ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

አሁን ስራ ልስጥሽ። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ አስገቢ፣ በአፍሽ እስከ 6 እየቆጠርሽ አስወጪ፣ ዋናው ማስወጣቱ እንዲረዝም ነው። መሪውን አንቀሽ ይዘሽው እንደሆነ አውራ ጣትሽን አንሺና እይው፣ ካልተነሳልሽ ትከሻሽም ደርቋል ማለት ነው፣ ሁለቱንም ላላ አድርጊ። አይንሽን ደግሞ ገደሉ ላይ አትስቀይ! መኪና አይን ወዳየበት ነው የሚሄደው፣ መንገዱ ታጥፎ የሚወጣበትን ቦታ ፈልጊ። ካልቻልሽ ሰፊ ቦታ ጠብቀሽ ቁሚ፣ ኩርባ ላይ እንዳትቆሚ ብቻ፣ ሲበርድልሽ ቀጥይ። ወደ ኋላ ዞረሽ አትመለሺ፣ ፈርተሽ በተመለስሽ ቁጥር ፍርሃቱ አሸነፍኩ ብሎ ለሚቀጥለው ይጠነክራል። ቁልቁለቱን ደግሞ ዳገቱን በወጣሽበት ማርሽ ውረጂ። ይሄን ዛሬ ደጋግሜ ስለምለው እንዳይሰለቻችሁ።

ጥያቄ፦ ተራራ ስወጣ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ምንድነው?

መልስ፦ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው። ምራቅህን ዋጥ፣ አዛጋ፣ ማስቲካ አኝክ። ለህፃን ጡት ወይ ጡጦ ስጡት፣ መኪናውን አቁማችሁ ግን።

ጥያቄ፦ እኔ ብነዳ ነው የሚሻለኝ ወይስ ሌላ ሰው ቢነዳልኝ? ተሳፋሪ ስሆን ነው የበለጠ የምፈራው።

መልስ፦ ብዙው ሰው እንዳንቺ ነው፣ መሪው እጁ ላይ ሲሆን ይረጋጋል። መንጃ ፈቃድ ካለሽና መኪናውን ከለመድሽው ንጂ።

ጥያቄ፦ አባቴ ሰባ አልፏቸዋል፣ ጎኔ ይቀመጡና ኩርባ በመጣ ቁጥር «ቀስ! ገደል! ኧረ ልጆቹን!» እያሉ ይጮሃሉ። እኔ ሳልፈራ እሳቸው ያስፈሩኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ሳቅክበኝ እንዳትለኝ ወንድሜ፣ አባትህን የማውቃቸው ነው የመሰለኝ፣ በየመኪናው አንድ አሉ። ዝም ይበሉ ብለህ አትቆጣቸው፣ የሚጮሁት እጃቸው ባዶ ስለሆነ ነው። ስራ ስጣቸው። ከፊት የሚመጣ ትልቅ መኪና ካለ ይንገሩህ፣ ሰፊ መቆሚያ ሲያዩ ያሳዩህ፣ የልጆቹን ውሃ ይያዙ። ጉዞው ሳይጀመር ደግሞ በአክብሮት «አባባ፣ የሚያስፈራዎት ነገር ካለ በቀስታ ቀንስ ይበሉኝ፣ እቀንሳለሁ፣ ከጮሁብኝ ግን እደነግጣለሁ» በላቸው። ቀንስ ሲሉህ ቀንስላቸው፣ ምን ይጎድልብሃል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጎበዝ ሹፌር ነው፣ አልዋሽም። ግን ቁልቁለት ሲጀምር ማርሹን ዜሮ ያደርግና ይለቀዋል፣ አንዳንዴ ሞተሩንም ያጠፋዋል፣ ነዳጅ እየቆጠብኩ ነው ይላል። እኔ ወንበሩን ጨብጬ፣ አይኔን ጨፍኜ ነው የምወርደው። ልጆቹ ፊት ፈሪ እያለ ይስቅብኛል። ይሄን ፍርሃት እንዴት ላጥፋው?

መልስ፦ እንዳታጠፊው! እኔ ስራዬ ፍርሃት መቀነስ ነው፣ ይሄኛውን ግን አልነካውም። ዝም ብሎ የሚመጣ ፍርሃት አለ፣ እውነቱን የሚነግርሽ ፍርሃትም አለ፣ ያንቺ ሁለተኛው ነው። ባለቤትሽ አጠገብሽ ካለ ድምፁን ከፍ አድርጊለት።

ወንድሜ ስማኝ። ፍሬንህ በጣም ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ ትናንት አስቀይረኸው ሊሆን ይችላል፣ ግን ሒሳቡን እይ፦ 1000 ሜትር ከፍታ ስትወርድ የሚመጣው ጉልበት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሮጥን መኪና ወደ 25 ጊዜ ያህል ሙሉ በሙሉ ከማቆም ጋር እኩል ነው። ከዛ ላይ ንፋስና ጎማ ትንሽ ይቀንሱልሃል፣ የተረፈውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ ፍሬኑ። ማርሹን ዜሮ አደረግከው ማለት ሞተሩን በፈቃድህ አሰናበትከው፣ ቤተሰብህን በሙሉ ፍሬኑ ላይ አንጠለጠልካቸው ማለት ነው። ፍሬን ደግሞ ሲግል መጀመሪያ ይሸታል፣ የሚቃጠል ሽታ፣ አንተ ከሌላ መኪና ነው ትላለህ። ከዛ ጎማውን ጨብጦ የሚያቆመው የፍሬን ሸራ መያዝ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አጥብቀህ ትረግጣለህ መኪናው ግን እንደ በፊቱ አይቀንስልህም። ከዛ የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ይችላል፣ ግን ይሄ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የጠገበው እስከ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፣ ለዚህ ነው በየሁለት አመቱ ቀይሩት የምላችሁ፣ ማንም አይሰማኝም እንጂ። ዘይቱ ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ያኔ ፔዳሉን ስትረግጠው ስፖንጅ የረገጥክ ይመስልሃል፣ ዝም ብሎ ይሰምጥና ወለሉ ጋ ይደርሳል፣ መኪናው ይሄዳል። ከፊትህ ኩርባ አለ። ያን ጊዜ ማርሽ ላስገባ ብትል ፍጥነቱ ከማርሹ አቅም በላይ ሆኗል፣ አልገባም ይልሃል።

ሞተር ማጥፋቱንማ ምን ብዬ ልናገረው። ፍሬን ስትረግጥ እግርህን የሚያግዘው ነገር የሚሰራው በሞተሩ ነው፣ ሞተሩን ስታጠፋ አንድ ሁለቴ ለመርገጥ የሚበቃ ይቀርልሃል፣ ከዛ ፔዳሉ ይደርቅብሃል። መሪውም ይከብዳል፣ ቁልፉን ከነቀልከው ደግሞ ጭራሽ ይቆለፋል። በዚህ ሁኔታ ልጆች ጭነህ ስትወርድ ነው ሚስትህን ፈሪ የምትለው?

የሚያናድደኝ ደግሞ ለቆጠባ ብሎ ማድረጉ ነው። አሁን ያሉት ኢንጄክሽን መኪኖች በማርሽ እየወረድክ ነዳጅ መስጫውን ስትለቀው ኮምፒውተሩ ለሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ ይዘጋዋል፣ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። ዜሮ ስታደርገው ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መልሶ ነዳጅ መርጨት ይጀምራል። ስለዚህ ወንድሜ በዜሮ ስትወርድ ነዳጅ እያባከንክ ነው። ድሮ የነበሩት ካርቡሬተር መኪኖች ላይ ትቆጥባለህ ቢባል እንኳን የምትቆጥባት ትንሽ ጠብታ ናት። ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ገና ጫፉ ላይ እያለህ ቀንስና ከባድ ማርሽ፣ ማለትም ቁጥሩ ዝቅ ያለውን፣ አስገባ፣ ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ አዲስ መኪና ከሆነና አሁንም የሚፈጥንብህ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ቀንስ። ሞተሩ ጮክ ሲል አትደንግጥ፣ የሚጮኸው እየያዘልህ ነው፣ የሞተሩ ዙር ቆጣሪ ቀዩ ላይ እስካልደረሰ ምንም አይሆንም። ፍሬኑን ረግጠህ አትቆይበት፣ ጠንከር አድርገህ ረግጠህ ፍጥነቱን አውርድና ልቀቀው፣ ትንሽ ንፋስ ያግኝ።

አንቺ እህቴ ደግሞ ይሄን ቁልቁለቱ መሀል አታንሺበት፣ ልጆቹ ፊትም አትጨቃጨቁ። መኪናው ሳይነሳ፣ ቤት ሆናችሁ ተነጋገሩ። እሺ ካላለ አብረሽው አትሂጂ፣ ልጆቹንም አትስጪው። ትዳር ልታፈርስ ነው የሚለኝ ካለ ይበል።

ጥያቄ፦ የኔ መኪና አውቶማቲክ ነው፣ እርስዎ ማርሽ ማርሽ ሲሉ እኔ ምን ላድርግ?

መልስ፦ አውቶማቲክም ማርሽ አለው ልጄ፣ ዲ ላይ ብቻ የተሰራ የሚመስለው ሰው በዝቷል። እጀታው አጠገብ ኤል ወይ 2 ወይ 3 የሚል ይኖራል፣ ወይም ኤም ሆኖ ፕላስና ማይነስ ይኖረዋል፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቀንስና ወደዛ አውርደው። ሃይብሪድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቢ የሚል አለ፣ እሱ ለቁልቁለት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ እየወረደ ባትሪውን ይሞላል ብላችሁ ሙሉ በሙሉ አትተማመኑ፣ ባትሪው ሞልቶ ከተነሳችሁ የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሌለው የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ተራራ አናት ላይ አድራችሁ ጠዋት የምትወርዱ ከሆነ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። የየመኪናው ነገር ስለሚለያይ መመሪያው መፅሐፍ ላይ ስለ ቁልቁለት የሚለውን ገፅ አንብቡ፣ ያ መፅሐፍ ሰነድ ማስቀመጫ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ከኋላዬ ያለው መኪና ሲጠጋኝና ጥሩምባ ሲነፋብኝ ተጨንቄ እፈጥናለሁ።

መልስ፦ ሰፊ ቦታ ስታገኚ ፍሬቻ አሳይተሽ ዳር ያዢና ይለፍ። ለማታውቂው ሰው ብለሽ አትፍጠኚ።

ጥያቄ፦ ጭጋግ ሲሆን ረጅሙን መብራት ባበራ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም፣ ብርሃኑ ጭጋጉ ላይ ተመልሶ አይንህን ነው የሚመታህ። አጭሩን አብራ፣ ቀንስ። ከፊትህ ምንም ካልታየህ ከመንገዱ ወጥተህ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ስንወርድ የሚቃጠል ነገር ሸተተን፣ ወርደን ስናይ ከጎማው ጭስ ይወጣል፣ ባለቤቴ ውሃ ደፋበት። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም፣ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ ሊጣመም ወይ ሊሰነጠቅ ይችላል። መቆማችሁ ግን ጎበዝ ያሰኛችኋል። ሜዳ ቦታ ቁሙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፓርክ ላይ አድርጉት፣ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉ፣ ልጆቹን ከመንገድ አርቁ፣ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ። ስትነሱ ፔዳሉን እዛው ቆማችሁ ሞክሩት፣ ከሰመጠ በዛ መኪና እንዳትወርዱ። ድንጋዩን ደግሞ አንስታችሁ ሂዱ፣ መንገድ ላይ ትታችሁት የምትሄዱ ሰዎች ማታ ለሚመጣው ሰው ምን ትላላችሁ? እና መጀመሪያውኑ ለምን ሸተተ? ዳገቱን በወጣችሁበት ማርሽ ስላልወረዳችሁ ነው።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ተራራ ላይ ጉልበት ያጣል፣ ተበላሽቶ መሀል ዳገት ላይ ይቆምብኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ተርቦ ቻርጀር፣ አየር ገፍቶ የሚያስገባለት ማለቴ ነው፣ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ቀድመህ ማርሽ ቀንስ፣ የሙቀት መለኪያውን እያየህ ውጣ። ሌላ ምልክት ካለው ለመካኒክ አሳየው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ኩርባው ሲበዛ ያስመልሳሉ፣ እኔ ደግሞ ዞሬ ሳይ መሪው ይስታል።

መልስ፦ አትዙሪ፣ ይተፉ። መኪና ይታጠባል። ስልክና መፅሐፍ አትስጫቸው፣ በመስታወት ሩቁን ይዩ፣ ሆዳቸውን አትሙዪው ጭራሽ ባዶም አይሁን፣ መስኮት ትንሽ ክፈቺ። ኩርባውን ስትገቢ ቀድመሽ ከቀነስሽ ማስመለሱም ይቀንሳል፣ መሀሉ ላይ ፍሬን ስትይዢ ነው የሚገለባበጡት።

ጥያቄ፦ ከተራራው መንገድ በፊት ጓደኛዬ የሰጠችኝን የማረጋጊያ ኪኒን ግማሹን እውጣለሁ፣ ባለቤቴ ደግሞ አንድ ቢራ ለድፍረት ይላል። እስካሁን ምንም አልሆንም።

መልስ፦ እስካሁን። ኪኒኗ እንደ ዳያዜፓም ያለች ከሆነች ፍርሃቱን ብቻ መርጣ አታደነዝዝም፣ እጅሽንም እግርሽንም ታዘገያለች፣ ከቢራ ጋር ከተገናኘችማ ይብሳል። ባለቤትሽም ደፈርኩ የሚለው ገደሉ ስለራቀ ሳይሆን እሱ ስለማያየው ነው። ከዛም በላይ ያለ ኪኒን አልችልም የሚል ትምህርት ነው ለራስሽ እያስተማርሽ ያለሽው። ለጓደኛሽ የታዘዘ መድሃኒት ያንቺ አይደለም፣ ሐኪም ጋ ሂጂና መኪና እንደምትነጂ ንገሪው። እሱ የሚልሽን አድርጊ፣ እኔን አትጠይቂኝ።

ጥያቄ፦ ለበዓል ቤተሰቤን ይዤ ላልፍበት ያሰብኩት ተራራ አለ። በምን ልለማመድ?

መልስ፦ በቤተሰብህ አትለማመድ። በደረቅ ቀን፣ ጠዋት፣ የማይጮህ አንድ ሰው ይዘህ ሂድና አጭሯን ክፍል ብቻ ውጣ ውረድ፣ ልብህ እስኪሰለች ድረስ እዛችው ላይ ተመላለስ። ፍርሃቱ ሲወርድልህ ጨምር፣ ሳይወርድልህ ሄደህ ቤት አትግባ። ኩርባ በመጣ ቁጥር ጮክ ብለህ «ቀነስኩ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ መውጫውን አየሁ» በል፣ አፍህ ስራ ከያዘ ጭንቅላትህ ተረት አይፈጥርም። ሲመሽ አትሞክር። ማርሹን ነግሬሃለሁ።

ጥያቄ፦ ከአመታት በፊት ቁልቁለት ላይ ተገልብጠን ሰው ሞቶብናል። ከዛ ወዲህ ተራራ አልሄድኩም፣ በቴሌቪዥን እንኳን ሳየው ያልበኛል፣ ሌሊት እየጮህኩ እነሳለሁ። ልጆቼ አያታቸውን ማየት ይፈልጋሉ።

መልስ፦ ነፍስ ይማር ወንድሜ፣ እግዜር ያፅናህ። ላንተ የማርሽ ምክር አልሰጥህም። ያንተ መንዳት ያለመቻል አይደለም፣ የደረሰብህ ነገር ገና አልለቀቀህም፣ ይሄ ደግሞ ህክምና አለው፣ በትክክል የሚታከም ነገር ነው። የስነልቦና ባለሙያ ወይ የአእምሮ ሐኪም ጋ ሂድና ለኔ የነገርከኝን ከነሌሊቱ ንገራቸው። እስከዛው ልጆቹን ሌላ የምታምነው ሹፌር ይውሰዳቸው፣ ወይ አያታቸው ይምጡ።