ውሃ ውስጥ ዕቃው ሲበላሽ፦ መጀመሪያ ትንፋሽ አስወጡ

[ምስል፦ ጠላቂ፣ ሬጉሌተሩ (ከሲሊንደሩ አየር የሚያቀብለው የአፍ ዕቃ) ከአፉ ወጥቶ በጎኑ ተንጠልጥሏል]

ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ናችሁ እንበል፤ አንድ ዕቃ ተበላሸ። መልሱን አሁኑኑ ልንገራችሁና ምክንያቱን በኋላ እናወራለን። ታስወጣላችሁ። ምኑን? ትንፋሽ። ረጅም፣ ዝግ ያለ። እጃችሁ አንድም ነገር ከመንካቱ በፊት።

እዚህ ቻናል ላይ የቆያችሁ መርፌዋን እንደማመጣ ታውቃላችሁ። አመጣኋት! ክር በመርፌ ቀዳዳ ልታስገቡ ነው፤ ቸኩላችኋል፣ ሰው ደግሞ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ክሩን ስትገፉት ጎኗን ነክቶ ይታጠፋል። ደግማችሁ ስትገፉት ጫፉ ይበተናል። አንድ የነበረው ክር ሦስት ሆነ፣ ሦስቱም አይገቡም። በሽቃችኋል፣ ትንፋሻችሁን ይዛችኋል፣ ጣታችሁ ይንቀጠቀጣል። መርፌዋ ግን ምን አደረገች? ቀዳዳዋ ያው ነው፤ ቅድም ከነበረው አልጠበበም። ሥራዋ ስፌት የሆነች ሴት እዚህ ጋ ምን ታደርጋለች? እጇን ታወርዳለች። የተበተነውን ጫፍ ትቆርጣለች፣ በምራቋ ታሾለዋለች፣ ትንፋሿን ቀስ አድርጋ እየለቀቀች ትሰደዋለች። ገባ። በአንዴ! እናንተ አራቴ ስትታገሉ እሷ ጨርሳ መስፋት ጀምራለች። ይሄን ምሳሌ አልተወውም፤ የሰለቸው ወደፊት ያሳልፍ።

ውሃ ውስጥ የሚበተነው ክር አየራችሁ ነው። ሒሳቡን እዩት። 12 ሊትር ሲሊንደር፣ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 50 ባር ያሳያል፤ ስለዚህ 600 ሊትር አየር አላችሁ። 20 ሜትር ላይ ግፊቱ 3 ባር ነው፤ የላይኛው ገጽ ሦስት እጥፍ። ተረጋግቶ የሚተነፍስ ሰው ላይኛው ገጽ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ቢፈጅ፣ እዚህ 60 ይፈጃል። 10 ደቂቃ አለው። የደነገጠው ሦስት እጥፍ ቢተነፍስ 180 ሊትር ነው፤ 3 ደቂቃ ከምናምን። ሲሊንደሩ ግን አንድ ነው!

ሌላም አለ። አጫጭር ትንፋሽ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አያስወጣም፤ ጉሮሮ ድረስ ደርሶ ይመለሳል። «አየር አጠረኝ» የሚያሰኘን ደግሞ በአብዛኛው እሱ ሲበዛ ነው፣ ኦክስጅን ሲያንስ አይደለም። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ታፈንኩ የሚል ሰው አለ፤ ደህናውን ሬጉሌተር ከአፉ የሚያወጣም አለ። መድኃኒቱ ረጅም ማስወጣት ነው። መሳቡ ራሱ ይመጣል።

እሺ፣ ወደ ዕቃዎቹ ልንሄድ ነበር፤ ግን ኮመንቱ አላስኬድ አለኝ። «ዕቃው ከተበላሸ ትንፋሼን ይዤ ብወጣስ? ያለ ሲሊንደር የሚጠልቁት ይዘው ይወጡ የለም ወይ?» ስንት ሰው እንደጠየቀ! አይሆንም። አይሆንም፣ አይሆንም። ምክንያቱን ስሙ።

ያለ ሲሊንደር የሚጠልቀው ሰው አየሩን የሳበው ላይ ነው። ሳንባው 6 ሊትር ቢይዝ፣ 10 ሜትር ሲወርድ ግፊቱ እጥፍ ስለሚሆን ወደ 3 ሊትር ይጨመቃል። ሲወጣ ተመልሶ 6 ይሆናል። ከሳበው በላይ የትም አይሄድም። እናንተ ግን 10 ሜትር ላይ የምትስቡት ሬጉሌተሩ በ2 ባር የሰጣችሁን ነው። እዚያው ታች 6 ሊትር ሞላችሁ። ይዛችሁት ብትወጡ ላይ 12 ሊትር ሊሆን ይፈልጋል፣ ማደሪያው ግን 6 ነው። ሳንባ ይቀደዳል፣ አየሩ ደም ውስጥ ይገባል፣ ጭንቅላት ድረስ ይሄዳል። ሞልቶ ለተያዘ ሳንባ ደግሞ አንድ ሜትር ከምናምን መውጣት ይበቃዋል፤ ስለዚህ «ጥልቅ አልነበርኩም» አይሠራም። ሬጉሌተር አፋችሁ ውስጥ በሌለበት ቅጽበት ሁሉ ከከንፈራችሁ ቀጭን አረፋ ይውጣ። በቃ፣ ይሄ ጥያቄ ተዘጋ። ድጋሚ የሚጠይቅ ካለ ይሄን ቪዲዮ ላኩለት፤ ለእኔም ቪው ነው።

አሁን ቶሎ ቶሎ፤ ኮርሱን ወስዳችኋል ብዬ ነው።

ማስክ ውሃ ሲገባው፦ የላይኛውን ጠርዝ ግንባር ላይ ተጫኑ፣ ቀና በሉ፣ በአፍንጫ አስወጡ።

ሬጉሌተር ከአፍ ሲወጣ፦ ወደ ቀኝ ዘንበል፣ ቀኝ እጅ ጭን ነክቶ ወደ ኋላ ዞሮ ወደ ፊት ይጥረገው። ካልተገኘ በቀኝ ትከሻ ላይ ቱቦውን ከሥሩ ያዙና ተከተሉት። አፍ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ንፉ፣ ከዚያ ሳቡ።

አየር ያለማቋረጥ ሲለቅ፦ ሬጉሌተር ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆኖ እንዲቀር ነው የተሠራው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በረዶ ሲይዘው የምታዩት ይሄንን ነው። በከንፈር አትግጠሙት። ጎኑን ብቻ ከንፈር ላይ አሳርፋችሁ ከሚያልፈው አየር ቅመሱ፣ ትርፉ ይውጣ። ጓደኛችሁን ጥሩና ሽቅብ።

ቱቦ ሲፈነዳ፦ እዚህ ጩኸቱ ያታልላል። ወደ ጌጁ የሚሄደው የከፍተኛ ግፊት ቱቦ ሲፈነዳ ያስደነግጣል፤ ግን አየሩ የሚወጣበት ቀዳዳ የመርፌ ነው (እኔ አልፈጠርኩትም!)፣ ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቀው። አደገኛው በ10 ባር ገደማ የሚሠራው የዝቅተኛ ግፊቱ ቱቦ ነው፤ መተላለፊያው ሰፊ ስለሆነ ሙሉ ሲሊንደር በጥቂት ደቂቃ ያራግፋል። ያኔ ቀጥታ ወደ ጓደኛ ትርፍ ሬጉሌተር። አወጣጡ በደቂቃ ከ9 ሜትር አይፍጠን፤ አየር ካለ 5 ሜትር ላይ 3 ደቂቃ ቁሙ፣ ከሌለ እለፉት።

የጃኬቱ (በአየር ተነፍቶ የሚያንሳፍፈን ልብስ) መሙያ ቁልፍ ተጣብቆ ሲቀር፦ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቁልፉ ሥር የደረቀ ጨው ነው። ጃኬቱ እየተነፋ ሽቅብ ሊወስዳችሁ ይጀምራል። ግራ እጅ የጃኬቱን ቱቦ ወደ ላይ አንስቶ መልቀቂያውን ይጫን፣ ቀኝ እጅ ከሲሊንደሩ አየር የሚያመጣውን ቱቦ የመጋጠሚያ ቀለበት ወደ ኋላ ስቦ ይንቀለው። ከዚያ በኋላ ጃኬቱን በአፍ ትነፉታላችሁ።

ይሄን የመጨረሻውን ቤት ሆናችሁ ተለማመዱት። ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጓንት የምትጠቀሙ ከሆነ ጓንቱን አድርጉ፣ አየር የሚያመጣውን ቱቦ ግፊት እንዳለበት ንቀሉና መልሱ። ግፊት ሲኖርበት ይከብዳል፤ ባዶውን መለማመድ ራስን መሸንገል ነው። ሲገጥም «ቀጭ» ይላል። ከዚያም ሳብ አድርጉት፤ ከተንሸራተተ አልገባም።